ድሮግባ እውነት ጦርነት አስቁሟል? ብቻውን አውሮፕላን ከተሳፈረው ሕፃን እስከ ቡዋኬ ሜዳ

ሰሞኑን አንድ አጭር ቪዲዮ በየቴሌግራሙና በየዋትሳፑ እየተዘዋወረ ነው። ለእኔ እንኳን ከሦስት ሰው በላይ ልኮልኛል። የኮትዲቯር ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች መልበሻ ክፍል ውስጥ ተቃቅፈው ቆመዋል፣ መሐላቸው ዲዲዬ ድሮግባ ማይክ ይዞ ይናገራል፣ ከዚያ ሁሉም በጉልበታቸው ይንበረከካሉ። ከሥሩ "ጦርነት ያስቆመው ኳስ ተጫዋች" የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። የላኩልኝ ሰዎችም ያከሉባት ነገር ተመሳሳይ ናት፤ "ለእኛም እንዲህ ዓይነት ሰው በኖረን!" የምትል።

ከራሳችን ሀገር ጦርነት በኋላ ይህ ቪዲዮ ለምን ሆዳችንን እንደሚያባባው ማንም አይጠፋውም። ግን ነገሩ እንደተባለው ነው ወይ? ደግሞስ ይህ ሰው ከየት መጥቶ ነው እዚያ መልበሻ ክፍል ውስጥ የቆመው? ዛሬ እሱን እናያለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ድሮግባ የተወለደው መጋቢት 11 ቀን 1978 አቢጃን ውስጥ ነው። እናትና አባቱ የባንክ ሠራተኞች ነበሩ። እናቱ "ቲቶ" ብላ ትጠራው ነበር፤ የዩጎዝላቪያውን መሪ ታደንቅ ስለነበር ነው። አምስት ዓመት ሲሞላው ግን ወላጆቹ አንድ ከባድ ውሳኔ ወሰኑ። ፈረንሳይ ውስጥ ኳስ ተጫዋች የሆነ ሚሼል ጎባ የሚባል አጎት ነበረው፤ ልጁ እሱ ጋ ሄዶ ቢያድግ ይሻለዋል ተባለ። እናም የአምስት ዓመቱ ልጅ አንገቱ ላይ ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ተንጠልጥሎለት ብቻውን አውሮፕላን ላይ ወጣ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። እናንተ መካከል ልጁን ለዘመድ አደራ ብሎ የላከ ወይም ራሱ እንደዚያ ተልኮ ያደገ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። "ለልጁ ብለን ነው" የምትባለዋን ነገር ሁላችንም ሰምተናታል። እውነትም ለልጁ ነው። ልጁ ግን ያለቅሳል። ድሮግባም ፈረንሳይ እንደገባ በየቀኑ ያለቅስ እንደነበር ካደገ በኋላ ተናግሯል። አጎትየው ደግሞ ትልቅ ስም ያለው ተጫዋች አልነበረም፤ ኮንትራቱ ባለቀ ቁጥር ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ይዞሩ ነበር። ብሬስት፣ አንጉሌም፣ ደንከርክ... ልጁ ጓደኛ ሲያፈራ ሻንጣ ይታሰራል፣ እንደገና ከዜሮ።

ሦስት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ናፍቆቱ ስላልቻለ ወደ አቢጃን ተመለሰ። የሠፈር ኳስ እዚያ ነው በደንብ የለመደው፤ መኪና በሚቆምበት አስፋልት ላይ። ግን አልቆየም። የሀገሪቱ ኢኮኖሚ ሲወድቅ እናትና አባቱ ሁለቱም ሥራቸውን አጡ፣ ልጁም ተመልሶ አጎቱ ጋ ተላከ። በኋላ በ1991 ወላጆቹም ፈረንሳይ ገቡ። በ1993 ፓሪስ ዳርቻ አንቶኒ በምትባል ከተማ ቤተሰቡ በጠባብ ቤት አንድ ላይ መኖር ሲጀምር ድሮግባ 15 ዓመቱ ነበር። ባንክ ቤት ከረባት አድርጎ ይሠራ የነበረው አባት ፈረንሳይ ሲገባ የተገኘውን ሥራ ሁሉ መሥራት ነበረበት። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

አጎቱ ለዚህ ልጅ ያደረገለት ትልቁ ነገር ከሜዳው የቆመበትን ቦታ መቀየሩ ነው። ድሮግባ ሲጀምር የቀኝ ተከላካይ ነበር! አጎቱ አይቶት፣ እዚያ ኋላ ተደብቀህ ምን ትሠራለህ፣ ሰው የሚያየው ጎል የሚያገባውን ነው፣ ወደፊት ውጣ አለው። ሚሼል ጎባ ራሱ አጥቂ ነበርና ያውቃል። ኳስን በደረት አቁሞ፣ ተከላካይን በጀርባ ተሸክሞ መዞርን ልጁ ከእሱ ነው ያየው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ድሮግባ ምን ያህል ዘግይቶ እንደመጣ ነው። ዛሬ በ16 ዓመቱ ትልቅ ቡድን ያልገባ ልጅ አበቃለት ይባላል። ድሮግባ ፓሪስ አጠገብ ሌቫልዋ የሚባል ትንሽ ክለብ ውስጥ ቆይቶ፣ ወደ ሌማን ከተማ የሄደው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሂሳብ አያያዝ ለመማር ጭምር ነበር። አዎ፣ አካውንቲንግ። ሰውነቱ በየቀኑ ልምምድ የማይችል ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እግሩ ላይ ስብራት በስብራት ሆነ። የመጀመሪያውን የባለሙያ ኮንትራት የፈረመው በ1999፣ በ21 ዓመቱ ነው። ያን ጊዜ በሰባት ወር ያህል ብቻ የሚበልጠው ቲየሪ ኦንሪ የዓለም ዋንጫን አንስቶ ነበር። ድሮግባ ደግሞ በፈረንሳይ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ተቀያሪ። በዚያው ዓመት ልጅ ወለደ፤ አባት መሆኑ ቁም ነገረኛ እንዳደረገው ይናገራል።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ግን የሚገርም ፍጥነት ነው። ጥር 2002 ላይ ጊንጋምፕ የምትባል ትንሽ ከተማ ክለብ ወሰደው፤ ከፍተኛው ዲቪዚዮን ሲገባ 24 ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። በቀጣዩ ዓመት 17 የሊግ ጎል አገባ፣ ትንሿ ክለብም 7ኛ ሆና ጨረሰች። ማርሴይ በ2003 በ3.3 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ገዛው። እዚያ አንድ ዓመት ብቻ ነው የቆየው፤ 32 ጎል አገባ፣ ሊቨርፑልን፣ ኢንተር ሚላንን፣ ኒውካስልን ጥሎ ቡድኑን ለዩኤፋ ካፕ ፍጻሜ አደረሰ፣ በቫሌንሺያ ተሸነፉ። ሐምሌ 2004 ላይ ጆዜ ሞሪንሆ ቼልሲ ሲገባ በ24 ሚሊዮን ፓውንድ አስመጣው። በዚያ ዘመን የክለቡ ሪከርድ ነው። ቆጥራችሁ እዩት፤ ከሁለተኛ ዲቪዚዮን ተነስቶ የቼልሲ ውድ ተጫዋች ለመሆን ሁለት ዓመት ተኩል ብቻ።

የቼልሲውን ጊዜ አብዛኞቻችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ አምስት ሰው በተቀመጠበት አግዳሚ ላይ ስድስተኛ ሆኖ ያላየ ማን አለ? ቼልሲ ለ50 ዓመት ያላገኘውን የሊግ ዋንጫ በመጀመሪያ ዓመቱ አገኘ፣ በቀጣዩም ደገመ። ግን መጀመሪያ ላይ ደጋፊው ራሱ ሙሉ በሙሉ አልተቀበለውም ነበር። ቶሎ ይወድቃል፣ ያስመስላል ተባለ። እውነቱን ለመናገር ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣም፤ ያ ግዙፍ ሰውዬ በትንሽ ንክኪ ሲንከባለል ማየት የአርሰናል ደጋፊዎችን ምን ያህል ያናድዳቸው እንደነበር አስታውሳለሁ። (የሚያናድዳቸው ሌላም ምክንያት ነበር፤ በተገናኙ ቁጥር ማለት ይቻላል ጎል ያገባባቸዋል።) በ2006/07 በ20 ጎል የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፣ በ2009/10 ደግሞ በ29። በ2006 እና በ2009 የአፍሪካ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። በአራት የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜዎች ላይ ጎል ያገባ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ በፕሪሚየር ሊግ 100 ጎል የደረሰ የመጀመሪያው አፍሪካዊም እሱ ነው። በሁለቱ የቼልሲ ቆይታው 381 ጨዋታ፣ 164 ጎል።

ቁጥሩን በዚህ እናቁም። እኔ ስለዚህ ሰው ሳስብ ቶሎ የሚመጣብኝ ግን ፍፁም ቅጣት ምት ነው።

በ2006 ካይሮ ላይ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ኮትዲቯር ከግብፅ። በመለያ ምት የመጀመሪያውን የመታው አምበሉ ድሮግባ ነበር፤ ሳተ፣ ተሸነፉ። በ2008 ሞስኮ፣ የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ከማንቸስተር ዩናይትድ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ቪዲችን በጥፊ ነካ አድርጎ በቀይ ካርድ ወጣ። ከዚያ በመለያ ምቱ አምስተኛውን የመታው ጆን ቴሪ ነው፣ አንሸራተተው፣ ዋንጫው ሄደ። ድሮግባ ሜዳ ላይ ቢኖር ኖሮ ያ ምት የማን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። በየካቲት 2012 ደግሞ ሊበርቪል፣ እንደገና የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ከዛምቢያ ጋር። 70ኛው ደቂቃ ላይ ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠው፣ ኳሷን ከአግዳሚው በላይ ሰደዳት። በመለያ ምቱ የራሱን አገባ፣ ግን ኮትዲቯር 8 ለ 7 ተሸነፈች። የዛምቢያ ቡድን በ1993 በአውሮፕላን አደጋ ያለቀው ከዚያችው ከተማ ዳርቻ ባሕር ላይ ስለነበር፣ ዓለም ሁሉ የዛምቢያን ድል ወደደው። ድሮግባን ግን ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ያ በሆነ በሦስት ወሩ ሙኒክ።

ግንቦት 19 ቀን 2012፣ ቅዳሜ። እኔ ያን ቀን ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና ማቆሚያ ቤት ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። አብሮኝ የሚሠራ የጋና ልጅ በስልኩ ከፍቶት፣ መኪና ሲመጣ እየሸፈንነው ነበር የምናየው። ባየርን በራሱ ሜዳ ነው የሚጫወተው። 83ኛው ደቂቃ ላይ ሙለር አገባ። አለቀ ብለን ስልኩን ልናስቀምጠው ስንል፣ 88ኛው ደቂቃ ላይ ቼልሲ ማዕዘን ምት አገኘ፤ በጨዋታው የመጀመሪያው ነበር። ማታ አሻማት፣ ድሮግባ ከፊት ሮጦ መጥቶ በግንባሩ ገጫት። አንድ ለአንድ። ደንበኛ ክላክስ ሲያደርግ ማን ይሰማዋል!

በተጨማሪ ሰዓት ደግሞ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አጥቂው ሰውዬ ወደ ኋላ ተመልሶ ሪቤሪን ጠልፎ ጣለና ፍፁም ቅጣት ምት አሰጠ። (በግማሽ ፍጻሜውም ባርሴሎና ላይ ፋብሪጋስን ጥሎ እንዲሁ አድርጎ ነበር፤ ሜሲ አግዳሚውን መትቶ ነው ያተረፈው።) ሮበን መታ፣ ቼክ ያዘው። መለያ ምት መጣ። ማታ የቼልሲን የመጀመሪያ ሳተ፣ ከዚያ ኦሊች ሳተ፣ ሽዋንስታይገር የመታት ቋሚውን ነክታ ወጣች። አምስተኛውን ለመምታት የመጣው ድሮግባ ነው። ካይሮ፣ ሞስኮ፣ ሊበርቪል፤ ያ ሁሉ ትከሻው ላይ አለ። አጭር እርምጃ ነው የወሰደው፣ ሁለት ይሆናል። ኖየር ወደ አንዱ ጎን ወደቀ፣ ኳሷ ወደ ሌላው ገባች። ለቼልሲ የመጀመሪያው የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ ሆነ።

አሁን ወደ ቪዲዮው እንመለስ።

ኮትዲቯር በዓለም ላይ ትልቋ የካካዎ አምራች ናት። ለአሥርት ዓመታት ከቡርኪና ፋሶና ከማሊ ብዙ ሕዝብ ለእርሻ ሥራ ሲገባ ኖሯል፤ ብዙዎቹ እዚያው ወልደው ከብደዋል። ኢኮኖሚው ሲደክም ግን "እውነተኛው ኮትዲቯራዊ ማን ነው?" የሚል ፖለቲካ ተነሳ። የሰሜኑ ሕዝብ፣ በስሙና በሃይማኖቱ ከጎረቤት ሀገር ሰዎች ጋር ስለሚመሳሰል፣ መታወቂያ አሳይ፣ የአያትህን ሀገር ንገረን እየተባለ መጨነቅ ጀመረ። የሰሜኑ ፖለቲከኛ አላሳን ዋታራ በወላጆቻቸው ትውልድ ምክንያት ከምርጫ ታገዱ። መስከረም 2002 ላይ አመፅ ፈነዳ። ሀገሪቱ ለሁለት ተከፈለች፤ ሰሜኑ በአማፂያን እጅ፣ ዋና ከተማቸው ቡዋኬ፣ ደቡቡ በፕሬዚዳንት ሎራን ባግቦ መንግሥት እጅ። መሐል ላይ የፈረንሳይና የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ቆሙ።

ብሔራዊ ቡድኑ ግን አልተከፈለም። ድሮግባ የቤቴ ተወላጅ ነው፣ ልክ እንደ ፕሬዚዳንት ባግቦ። ኮሎና ያያ ቱሬ ደግሞ ስማቸው ራሱ የሰሜን ስም ነው። መንገድ ላይ ኬላ ቢኖር አንዱ ያልፋል፣ ሌላው ይያዛል፤ ሜዳ ላይ ግን ኳስ ይቀባበላሉ።

ጥቅምት 8 ቀን 2005 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያው የመጨረሻ ቀን ነበር። ኮትዲቯር ሱዳንን ኦምዱርማን ላይ 3 ለ 1 አሸነፈች። ግን ካሜሩን ግብፅን ካሸነፈች የሚያልፉት ካሜሩኖች ናቸው። ያውንዴ ላይ 1 ለ 1 እያሉ በባከነ ሰዓት ለካሜሩን ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠ። ፒየር ዎሜ መታ፣ ቋሚውን ነክታ ወጣች። ኮትዲቯር ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋንጫ ገባች። እንግዲህ ያ ቪዲዮ የተቀረፀው ያን ጊዜ ነው። ድሮግባ ከሰሜን፣ ከደቡብ፣ ከምዕራብና ከመሐል የመጣን ሰዎች አብረን መኖርም መጫወትም እንደምንችል አሳየናችሁ፣ ይቅር ተባባሉ፣ መሣሪያችሁን አስቀምጡ፣ ምርጫ አድርጉ ብሎ ለመነ። ቴሌቪዥኑም ደጋግሞ አሳየው።

ታዲያ ጦርነቱ ቆመ? በማግሥቱ የቆመ ነገር የለም። ከባዱ ውጊያ ቀድሞም ጋብ ብሎ ነበር፤ የቀረው የተከፈለች ሀገርና የማያልቅ ድርድር ነው። የሰላም ስምምነቱ የተፈረመው ከ17 ወር በኋላ፣ መጋቢት 2007 ላይ በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ ዋጋዱጉ ነው። የፈረሙት ባግቦና የአማፂያኑ መሪ ጊዮም ሶሮ ናቸው፤ ሶሮም ጠቅላይ ሚኒስትር ተባሉ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሥልጣን ክፍፍልና መታወቂያ የመስጠት ጉዳይ ነበር እንጂ ኳስ አልነበረም። ስለዚህ "ጦርነት ያስቆመ" የምትለዋ ቃል ትልቅ ናት።

ግን ደግሞ "ምንም አላደረገም" ማለትም ግፍ ነው። እኔን የሚያስገርመኝ የመልበሻ ክፍሉ ቪዲዮ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። በ2007 የአፍሪካ ኮከብነት ሽልማቱን ይዞ ሰሜን ድረስ፣ ቡዋኬ ሄደ። ቀጣዩ የብሔራዊ ቡድን ጨዋታ እዚህ ይሁን አለ። የደቡብ ሰው፣ የፕሬዚዳንቱ ዘር፣ የአማፂያን ዋና ከተማ ውስጥ ገብቶ! ሰኔ 3 ቀን 2007 ኮትዲቯር ማዳጋስካርን ቡዋኬ ላይ 5 ለ 0 አሸነፈች፣ አምስተኛውን ድሮግባ አገባ። የመንግሥት ወታደርና የአማፂ ወታደር በአንድ ስታዲየም ውስጥ ነበሩ። ፕሬዚዳንት ባግቦ ራሳቸው ቡዋኬን የረገጡት በሐምሌ መጨረሻ ነው። ማለትም ብሔራዊ ቡድኑ ከሀገሪቱ መሪ ወደ ሁለት ወር ገደማ ቀድሞ ገብቷል። ስምምነት በወረቀት ይፈረማል፤ የቡዋኬ ሰው ግን ደቡቦች መጥተው አብረውት ሲጨፍሩ በዓይኑ ያየው ያን ቀን ነው።

ቪዲዮው የማይነግራችሁ ሌላ ነገር አለ። ጦርነቱ ተመልሶ መጣ። በ2010 መጨረሻ ምርጫ ተደረገ፣ ዋታራ አሸነፉ ተባለ፣ ባግቦ አልወርድም አሉ። በጥቂት ወራት ውስጥ 3,000 ያህል ሰው አለቀ። በ2005 በጉልበቱ ተንበርክኮ የለመነው ሰው ያኔም በሕይወት አለ፣ ያኔም ዝነኛ ነው፤ አላስቆመውም። ባግቦ ሚያዝያ 2011 ላይ ከተያዙ በኋላ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ሲቋቋም ከ11 አባላቱ አንዱ ድሮግባ ሆነ። ማንን ወክሎ መሰላችሁ? ውጭ ሀገር የሚኖረውን ኮትዲቯራዊ። ዳያስፖራውን! አንገቱ ላይ ወረቀት ተንጠልጥሎለት የተላከው ልጅ የስደተኞች ወኪል ሆኖ ተመለሰ። ኮሚሽኑ ግን ብዙ ተጎጂዎች የጠበቁትን ያህል አልሠራም ተብሎ ተወቅሷል።

ከሙኒክ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። ቻይና፣ ሻንጋይ ሼንዋ፤ ከዚያ ቱርክ፣ ጋላታሳራይ፤ በ2014 ወደ ቼልሲ ተመልሶ አራተኛውን የሊግ ዋንጫ አነሳ፤ ከዚያ ካናዳ፣ ሞንትሪያል፤ መጨረሻ ላይ አሪዞና፣ ፊኒክስ ራይዚንግ፣ እዚያ ተጫዋችም የክለቡ ባለድርሻም ነበር። በ2018፣ በ40 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። ለሀገሩ በ105 ጨዋታ 65 ጎል አለው፣ ሪከርድ ነው። የአፍሪካ ዋንጫን ግን አንድም ጊዜ አላነሳም። በ2014 ራሱን ከብሔራዊ ቡድኑ አገለለ፤ በ2015 ጓደኞቹ ያለ እሱ አነሱት።

በ2022 የሀገሩ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ለመሆን ተወዳደረ። ሕዝቡ ከጎኑ ነበር፤ ድምፅ የሚሰጡት ግን ክለቦችና ማኅበራት ናቸው። በመጀመሪያው ዙር ሦስተኛ ወጥቶ ከውድድሩ ወደቀ። የቀድሞ ተጫዋቾች ማኅበር እንኳን አልደገፈውም። ውጭ ኖረህ ስም ይዘህ ስትመለስ የሚጨበጨብልህ ሌላ፣ ወንበር የሚለቀቅልህ ሌላ መሆኑን እኛም ቤት የሚያውቅ ያውቀዋል።

የ2023ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ኮትዲቯር ላይ ሲዘጋጅ ጨዋታዎቹ የተደረጉት በ2024 መጀመሪያ ነበር። አስተናጋጆቹ ከምድባቸው ለጥቂት ነው የተረፉት፣ አሰልጣኛቸውንም መሐል ላይ አሰናበቱ። በሩብ ፍጻሜው የደረሰቻቸው ማሊ ናት፤ ያቺ ለእርሻ የመጡት ሰዎች ሀገር። አንድ ተጫዋች በቀይ ካርድ ጎድሎባቸው፣ አንድ ለዜሮ እየተመሩ፣ 90ኛው ደቂቃ ላይ አዲንግራ አቻ አደረገ፣ በተጨማሪው ሰዓት የመጨረሻ ሰከንዶች ላይ ዲያኪቴ ሁለተኛውን አገባ። ከሳምንት በኋላ ዋንጫውን አነሱ። ያ የማሊ ጨዋታ የተካሄደው ቡዋኬ ነው፣ በ2007 ድሮግባ አምስተኛዋን ጎል ባገባበት ስታዲየም።